ብረቱን ጠረጴዛ ላይ ከመበየድህ በፊት

ሰሞኑን የደረሰኝ ጥያቄ ይኸውና።

«ጋሼ፣ ጅማ መርካቶ አካባቢ በረንዳ ላይ ጫማ እሠራለሁ። ሦስት እግር ያለው የጫማ ብረት (ጫማ ተገልብጦ የሚለብሰውና ከላዩ የሚመታበት፣ እያንዳንዱ እግሩ ሶል የሚመስል) ከአጎቴ ወርሻለሁ። ጭኔ ላይ አድርጌ ስመታበት ማታ ማታ እግሬ ይደነዝዛል። መሬት ላይ ሳቆመው ደግሞ ይወላገዳል። በዚያ ላይ አንደኛው እግር ሥሩ ላይ ስንጥቅ የሚመስል መስመር አለው። ብየዳ ቤት ብጠይቅ ‹ስንጥቁን በይደን ጠረጴዛህ ላይ እንገጥምልሃለን› አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ የሚሽከረከር ማያዣ አሠራ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል? ቁመቱስ ስንት ይሁን?»

ወንድሜ፣ ብየዳውን ለጊዜው ተወው። ጠረጴዛው ላይ መግጠሙንም ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ስንጥቁ እውነት ስንጥቅ መሆኑን አጣራ። ብረቱን በገመድ አንጠልጥለህ በትንሽ መዶሻ መታ መታ አድርገው። ጤነኛ ከሆነ እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ ድምፁም ትንሽ ይቆያል። ከተሰነጠቀ ግን «ዷ» ብሎ እዚያው ይሞታል። ገበያ ላይ ጀበና የሚገዙ እናቶች በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው የሚያዳምጡት ለዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው መስመር ብረቱ ሲፈስ ከቅርጹ መጋጠሚያ የቀረ ምልክት ሆኖ ይገኛል። ድምፁ ጥርት ካለልህ ስለ መስመሩ አትጨነቅ።

ድምፁ ከሞተስ? ያኔም ቢሆን ለማንም በያጅ አትስጠው። አብዛኞቹ የድሮ የጫማ ብረቶች ጊዛ ናቸው፤ ማለትም ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት። ካርቦኑ ከ2 በመቶ በላይ ነው። ጊዛ ከላይ ቀጥ ብሎ የመጣ ምት ይችላል። በአንድ ቦታ ብቻ በድንገት ሲያግሉት ግን አይወድም። በተራ ኤሌክትሮድ ከተበየደ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ቶሎ ሲቀዘቅዝ እንደ ብርጭቆ ይደርቃል። ዛሬ የተያያዘ ይመስልሃል፤ ትንሽ ከመታህበት በኋላ ከብየዳው ጎን አዲስ ስንጥቅ ታያለህ። በደንብ የሚበይዱት አሉ። እነሱ ግን መጀመሪያ ሙሉውን ብረት ያሞቃሉ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ ይጠቀማሉ፣ ከዚያ አመድ ውስጥ ቀብረው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ያደርጋሉ። በያጁን «ምን ልታደርግለት ነው?» ብለህ ጠይቀው። ስለ ማሞቅ ምንም ካላነሳ ብረትህን ይዘህ ተመለስ። ጊዛ መሆኑን ካልተማመንክ የማይታይ ጥጉን ግራይንደር ላይ ትንሽ አስነካው። የጊዛ ብልጭታ አጭርና ቀላ ያለ ነው። ተራ ብረት ረጅምና ደማቅ ብልጭታ ይረጫል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። «ይወላገዳል» ብለሃል። ሦስት እግር ስላለው እንደ ጅማ በርጩማ ቀጥ ብሎ ይቆማል ብለህ ጠብቀህ ይሆናል። የጅማ በርጩማ እውነትም ወለሉ ጎርባጣ ቢሆን አይወላገድም፤ ሦስቱም እግሮቹ ሁልጊዜ መሬት ይነካሉ። የጫማ ብረት ግን ሲቆም አንዱ እግሩ ሰማይ ላይ ነው። የቆመው በሁለቱ ብቻ ነው። ለስላሳ የሲሚንቶ በረንዳ ላይ ቢንሸራተትና ቢወላገድ አይፈረድበትም። ብረቱ መሠረት ስጡኝ እያለህ ነው።

ታዲያ መሠረቱ ምን ይሁን? እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ሁሉም «ጠረጴዛ ላይ ጥብቅ አድርጌ ልሰረው» ይላል። ከማሰሩ በፊት ግን ምቱ ወዴት ይሄዳል የሚለውን ጠይቅ። ሚስማር ስትመታ ጫፉ ሶሉን አልፎ ብረቱ ጋ ይደርሳል። ብረቱ አልነቃነቅም ካለው ጫፉ ይታጠፍና ተመልሶ የውስጡን ሶል ይነክሳል። ይህ ንክሻ ነው ታኮውን የሚይዘው። ብረቱ ካፈገፈገ ግን ጫፉ ሳይታጠፍ ቀጥ ብሎ ይቀራል። ጭንህ ላይ ስትመታ የሚያፈገፍገው ሥጋህ ነው። የምቱ ግማሽ አንተ ውስጥ ይቀራል፤ እግርህ የሚደነዝዘውም ለዚህ ነው። ጠረጴዛ መሃል ላይ ስታስረው ደግሞ የሚያፈገፍገው ሳንቃው ነው።

ይህን በወሬ ሰምቼ አይደለም የምነግርህ። ሥራ ስጀምር ከዋንዛ የተሠራ ሰፊ ጠረጴዛ ነበረኝ። አንድ ብየዳ ቤት ሄጄ ቱቦ ላይ ጠፍጣፋ ብረት አስበየድኩ። ታችኛውን በአራት ቡሎን ጠረጴዛው እምብርት ላይ ጠፈርኩት። ሲያዩት ያምራል። ደንበኛ ሁሉ «ዘመናዊ ሆንክ» ይለኝ ነበር። ስመታ ግን ጠረጴዛው እንደ ከበሮ ያስተጋባል፤ ሚስማሮቼ ከቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ ይዘላሉ። አልገባኝም። እንዲያውም ድምፁ ሲበዛ ጉልበቴ የበዛ መስሎኝ ነበር! አንዲት አስተማሪ ታኮ አስቀየረችኝ። በሦስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ጫማዋን አውልቃ ተረከዟን ብቻ አሳየችኝ። ካልሲዋ ላይ እንደ ሽምብራ የምታክል የደም ነጠብጣብ ነበረች። ጣቴን ጫማው ውስጥ ሰድጄ ዳሰስኩ። አምስት ሚስማር መትቻለሁ፤ አምስቱም ጫፋቸው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጥፋቱ የበያጁ አልነበረም። መሃል ላይ ያስገጠምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጣቴን ውስጥ አስገብቼ ሳልዳብስ ጫማ መልሼ አላውቅም። የሚስማሩም ርዝመት መታየት አለበት። ከሶሉና ከውስጡ ሶል ድምር ውፍረት 2 ወይም 3 ሚሊ ብቻ ይብለጥ። ከዚያ ካጠረ አይታጠፍም፤ ከረዘመ ደግሞ ተጣሞ ይተኛል እንጂ አይነክስም።

ለአንተ በረንዳ የመጀመሪያ ምክሬ ጠረጴዛም ቱቦም አይደለም። ግንድ ነው። ውፍረቱ 30 ሴንቲ ገደማ የሆነ፣ በደንብ የደረቀ የወይራ ወይም የባህር ዛፍ ጉማጅ ፈልግ። ዋንዛ ለወንበርና ለአልጋ እንጂ ለዚህ ሥራ ይለሰልሳል። ጉማጁ ሲያድግ እንደነበረው ቀጥ ብሎ ይቁም፤ ተኝቶ ከተመታ ይሰነጠቃል። ብረትህን ከላዩ አቁመህ ሁለቱ እግሮች ያረፉበትን በእርሳስ ዙሪያውን አስምር። መስመሩን ተከትለህ በመሮ 2 ሴንቲ ያህል ፈልፍል። እግሮቹ እዚያ ውስጥ ጥብቅ ብለው ይቀመጡ። ሲገቡ ትንሽ እምቢ ቢሉህ ጥሩ ነው፤ መዶሻው ራሱ ያስገባቸዋል። በዚህ ዘዴ ሦስቱንም እግር እያገላበጥክ ትጠቀማለህ። ጊዛውን ምንም ብየዳ አይነካውም። ማታ ስትሄድ ብረቱን ነቅለህ ይዘህ ትሄዳለህ፤ ግንዱን የሚሰርቅህ የለም። (ክረምት ላይ ለማገዶ የሚፈልጉት ጎረቤቶች ካሉ ግን ኃላፊነት አልወስድም።)

ከግንዱ ሥር አሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጠህ አንጥፍ። ግንዱ ራሱ ከባድ ስለሆነ የምትመታው ጉልበት ብዙም አይቀንስም። ጫጫታው ግን በጣም ይቀንሳል። ጎንህ ቡና ቤት ካለ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባሃል።

ቁመቱን ከእኔ አትውሰድ፤ ከራስህ ክርን ውሰድ። ሁልጊዜ የምትቀመጥበት ላይ ቁጭ በል። ክንድህን ጎንህ ላይ አስጠግተህ ክርንህን እጠፍና ከመሬት እስከ ክርንህ አስለካ። ለመዶሻ ሥራ ሶሉ ከክርንህ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ዝቅ ይበል። ክርንህ 68 ሴንቲ ላይ ከሆነ ሶሉ 55 አካባቢ መሆን አለበት ማለት ነው። ብረትህ ቆሞ 22 ሴንቲ ቢሆን፣ 2 ሴንቲው ጉድጓዱ ውስጥ ቢገባ፣ ግንዱን 35 ላይ ታስቆርጠዋለህ። መጀመሪያ 38 አስቆርጠህ ጥቂት ቀን ሥራበት፤ መቀነስ ይቻላል፣ መቀጠል አይቻልም። ከፍ ካለብህ ትከሻህ ይነግርሃል። ዝቅ ካለ ወገብህ።

ግንዱ የማይሠራልህ ቦታ አለ። ቦቲ ነው። የሦስት እግሩ ብረት እጆች አጭር ስለሆኑ የቦቲው አንገት ከሌሎቹ እግሮች ጋር ይጋጫል፤ ታኮው ጋ መድረስ አትችልም። ለዚህ ነው ቋሚ ያለው፣ ባንኮ (የሥራ ጠረጴዛ) ላይ የሚገጠም ማያዣ የሚያስፈልገው። ቦቲና የጸጥታ ሠራተኛ ከስክስ ብዙ የሚመጣልህ ከሆነ አሠራው። ካልሆነ ብርህን ያዝ።

ልታሠራ ከወሰንክ እንዲህ አድርገህ አሠራ። ቋሚው ከባንኮው በላይ ቢያንስ 30 ሴንቲ ይውጣ፤ ያለዚያ የቦቲው አንገት አይገባበትም። አሁን አስላው። ተራ ጠረጴዛ 75 ሴንቲ ገደማ ነው። 30 ጨምርበት፤ 105 ሆነ። ቆመህ እንኳ ብትሠራ ክርንህ ጋ ይደርሳል ወይም ያልፋል። ስለዚህ ብየዳ ቤቱ «ጠረጴዛህ ላይ» ያለህ ሐሳብ ከመነሻው አያስኬድም። ለተቀማጭ ሠራተኛ ባንኮው ዝቅተኛ መሆን አለበት፤ 25 ሴንቲ ገደማ። አግዳሚ ወንበር ቢጤ ነው። አንዱ ጫፍ ላይ አንተ ትቀመጥበት ዘንድ ከፍ ብሎ ቢሠራም ይቻላል።

አገጣጠሙ ወንዴና ሴቴ ነው። ሳንቃው ላይ ከባንኮው እግር አጠገብ ቀዳዳ አስበሳ። ሴቴው ቱቦ በቀዳዳው ወርዶ መሬት ድረስ ይድረስ። ሥሩ ላይ ወፍራም ጠፍጣፋ ብረት ይበየድለት። ወንዴው ዘንግ ከላይ ገብቶ እዚያ ጠፍጣፋ ላይ ይረፍ። አየኸው አይደል? ምቱ በዘንጉ ወርዶ በቀጥታ መሬት ይገባል። ባንኮው ዘንጉ እንዳይጋደም ይደግፈዋል እንጂ አይሸከመውም። ብየዳውም አይሸከመውም። በጎን በኩል ሴቴው ላይ ተበስቶ ዳዶ (ቡሎን የሚጠብቅበት) ይበየድበትና በቡሎን ትቆልፈዋለህ። ቡሎኑ ሥራው እንዳይዞር መያዝ ብቻ ነው።

ዘንጉ ድፍን ቢሆን እመርጣለሁ። የ30 ሚሊ ድፍን ዘንግ በሜትር ከ5 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ክብደቱ ራሱ ይረዳሃል። ለሴቴው ቱቦ ስትገዛ ግን በኢንች ስም አትታለል። «አንድ ኢንች» የሚባለው ቱቦ ውጩን ብትለካው 33 ሚሊ ተኩል አካባቢ ነው። የቱቦ ኢንች ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም። ዘንግህን ይዘህ ሂድና እዚያው ሱቁ ውስጥ አስገብተህ ሞክር። ከ1 ሚሊ በላይ ክፍተት ካለው ይንገጫገጫል። ትንሽ ጠበብ ያለ ካገኘህ ቶርኖ ቤት ዘንጉን ያስላጩልሃል።

ከላይ የሚቀመጠው የብረት እግር ከ10 ሚሊ ላሜራ ይቆረጥ። እዚህ ላይ የጫማ ቁጥር ትርጉሙን ብታውቅ ይጠቅምሃል። እኛ የምንጠቀምበት ቁጥር እያንዳንዱ የሴንቲሜትር ሁለት ሦስተኛ ነው። ቁጥር 42 ማለት ፎርማው (ጫማው የሚሠራበት የእግር ቅርጽ) 28 ሴንቲ ነው ማለት ነው፤ 36 ደግሞ 24 ሴንቲ። ብረቱ ከጫማው ማጠር አለበት፤ ገፋ መለስ እያደረግክ ነው የምትሠራው። እኔ ለወንድ 22 ሴንቲ፣ ለሴትና ለልጅ 16 ሴንቲ እጠቀማለሁ። ጠርዙን በሞረድ አክብበው፤ ሹል ጠርዝ የውስጡን ሽፋን ይቀዳል። መሃሉ በጣም ትንሽ ጎበጥ ቢል ሶሉ ውስጥ በደንብ ይቀመጣል። ለታኮ ብቻ የሚሆን ክብ ራስም ጨምር። ጫማ የሚሰፉ ሰዎች ደግሞ እዚያው ሴቴ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ፒን ያሠራሉ፤ ፎርማው ከላዩ ባለው ቀዳዳ ተገልብጦ ይሰካበታል። የፎርማህን ቀዳዳ በትራፓኖ (መሰርሰሪያ) ጫፍ እየሞከርክ ለካ፤ ሁሉም አንድ አይደለም። (ፎርማ፣ ታኮ፣ ቡሎን፣ ዳዶ፣ ቶርኖ፣ ትራፓኖ... ግማሹ ሥራችን የሚነገረው በጣሊያን ቃል ነው። አያቶቻችን መሣሪያውን ሲወስዱ ስሙንም አብረው ወሰዱ።)

የሚሽከረከረውን ግን አልመክርህም። ጓደኛህ ቪዲዮ ላይ አይቶት ይሆናል። እንደ ልብ የሚዞር ነገር መዶሻውም ሲያርፍበት ይዞራል። መዞሪያው ውስጥ ያለው ክፍተት በየቀኑ እየሰፋ ይሄዳል። ማዞር ስትፈልግ ቡሎኑን አላላ፣ አዙር፣ አጥብቅ። አሥር ሴኮንድ አይፈጅም።

አሁን ስለ ማስቲሽ። ብዙ ሰው ብረቱ ለሚስማር ብቻ ይመስለዋል። ማስቲሽ ሁለቱም ፊት ላይ ይቀባል፤ በጣት ሲነኩት የማይለጠፍ እስኪሆን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ይገጠማል። ያኔ ጥንካሬውን የሚወስነው ለስንት ሰዓት እንደታሰረ አይደለም፤ በመጀመሪያው ቅጽበት ስንት ኃይል እንዳረፈበት ነው። ስለዚህ ገጥመህ በገመድ ጠፍረህ ከማሳደር ብረቱ ላይ ገልብጠህ ከመሃል ወደ ጠርዝ በመዶሻ ጥቅጥቅ አድርገህ ምታው። ለዚህ ሥራ ብረቱን አሮጌ የብስክሌት ጎማ ላስቲክ አልብሰው፤ ስስ ሽፋን ያለውን ጫማ ያድንልሃል። ለሚስማር ግን ላስቲኩን አውልቅ። የጅማን ዝናብ ደግሞ ታውቀዋለህ። እርጥብ ጫማ አትለጥፍ፤ ከሰል አጠገብም አታድርቅ፤ ቆዳው ይኮማተራል። አየሩ በጣም ሲርስ ማስቲሹ ፊቱ ላይ ነጣ ያለ ነገር ያወጣል። ማስቲሹ ሲተን ስለሚቀዘቅዝ ከአየሩ ጤዛ ስቦ ነው። እንደዚያ ሆኖ ከገጠምከው ይላቀቃል። በፀጉር ማድረቂያ ትንሽ አሙቀውና ግጠም።

ስኒከር ላይ ጠፍጣፋው ብረት መሃሉን ብቻ ይነካል፤ ጠርዙ አየር ላይ ይቀራል። ለዚያ ፎርማ አስገባበት። ፎርማ ከሌለህ ጨርቅ ጠቅጥቀህ ሙላው።

የጎን ስፌት ሲሆን ብረቱን ጨርሶ ተወው። ወስፌ ስትወጋ ሁለት እጅህም ሥራ ላይ ነው፤ ጫማውን የሚይዝልህ ሦስተኛ እጅ ያስፈልግሃል። እሱን የሚሰጥህ ጠፍር ነው። ሁለት ጣት ስፋት ያለው አሮጌ ቀበቶ ውሰድ። ጫማውን ጭንህ ላይ አድርግ። ቀበቶው በጫማው ላይ አልፎ፣ በጉልበትህ ጎንና ጎን ወርዶ፣ ከእግርህ መዳፍ ሥር እንዲገናኝ አድርገህ ቋጥረው። እግርህን ስትጫን ይጠብቃል፤ ተረከዝህን ስታነሳ ይላላል። ጫማውን በየስፌቱ ለማዞር እጅህ አይፈታም። ርዝመቱን ለማስተካከል ከዘለበቱ ሌላ አራት አምስት ቀዳዳ ብሳ። ጭንህ ላይ የቆዳ ቁራጭ አድርግ፤ ወስፌው ሲያልፍ አንተ ጋ እንዳይደርስ። ይህ ከሁሉም ማያዣ ርካሹ ነው። እኔ በቀን ውስጥ ከብረቱ ይልቅ እሱን ነው የምጠቀመው።

ዝገትን አትናቅ። የዛገ ብረት ነጭ ሽፋን ላይ ቡናማ ማህተም ይተዋል፤ ያንን ማስለቀቅ አበሳ ነው። ዘይትም ያበላሻል። ለክሩ ከምትጠቀምበት ሰም ላይ ቆርሰህ ብረቱን ፀሐይ ላይ ሞቅ ካለ በኋላ ቀባውና በጨርቅ ወልውለው። በክረምት በየሳምንቱ ድገመው።

ግንዱንም ሆነ ባንኮውን ከጨረስክ በኋላ አንድ ብር ሳንቲም ጫፉ ላይ አስቀምጥ። ብረቱ ላይ አሮጌ ሶል አድርገህ ሦስት አራት ሚስማር እንደ ልማድህ ምታ። ሳንቲሙ ተኝቶ ከቀረ ሥራህን ቀጥል። ከዘለለ ግን ምቱ ወደ መሬት እየወረደ አይደለም። ያኔ ከሥሩ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፤ ከላዩ ሳይሆን ከሥሩ።